ሲ-130፦ እህልም መድፍም የሚጭነው አውሮፕላን እንዴት ተሠራ? ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

ስልካችሁ ላይ በተደጋጋሚ ያያችሁት ፎቶ አለ። ግራጫ ቀለም፣ ወፍራም ሆድ፣ አራት ፕሮፔለር፣ ኋላው ተከፍቶ ወታደር የሚወርድበት ወይም ካርቶን የሚራገፍበት አውሮፕላን። ከሥሩ የሚጻፈው ግን በየጊዜው ይለያያል። አንዱ «የጦር መሣሪያ ገባ» ይላል። ሌላው «እርዳታ ደረሰ» ይላል። ሦስተኛው ደሞ «ታንክ ሲራገፍ ታየ» ብሎ ይለጥፋል። ኮሜንቱ ይጋጋላል፣ ሼሩ ይቀጥላል፣ አውሮፕላኑ ራሱ ምን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ብዙ ጊዜ ያ አውሮፕላን ሲ-130 ሄርኩለስ ነው። ከ70 ዓመት በፊት በረረ፣ ዛሬም አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። እኛ አገር ደሞ ወላጆቻችን ከሚያስታውሱት ትልቅ መከራ ጋር ስሙ ተያይዟል። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እንየው። ከምን ተነስቶ ተሠራ? ለምን እንዲህ ዓይነት ቅርፅ ያዘ? ምን ያህል ይጭናል? ፎቶውን ስታዩ ደሞ እውነቱን ከወሬው እንዴት ትለያላችሁ?

(ዓ.ም ብለን ካልጻፍን በስተቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

▪ መነሻው፦ ኮሪያ ላይ የታየ ችግር

በ1950 የኮሪያ ጦርነት ሲፈነዳ የአሜሪካ ጦር በእጁ የነበሩት የጭነት አውሮፕላኖች በብዛት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሥሪት ነበሩ። ብዙ የሚጭኑት ረጅምና የተነጠፈ ማኮብኮቢያ ይፈልጋሉ። አጭር ሜዳ ላይ የሚያርፉት ደግሞ ብዙ አይጭኑም። ጦርነቱ ያለው ግን ተራራና ጭቃ መሃል ነው።

በ1951 የአሜሪካ አየር ኃይል የሚፈልገውን ዘርዝሮ ለአምራቾች ሰጠ። አጭርና ያልተነጠፈ ሜዳ ላይ የሚያርፍ ይሁን። ወታደርም፣ ቁስለኛም፣ ተሽከርካሪም ይጫን። በኋላ በሩ በኩል በአየር ላይ ጭነት መጣል ይቻል። አንድ ሞተር ቢጠፋበትም ይብረር። ውድድሩን ያሸነፈው ሎክሂድ የተባለው ኩባንያ ነው። የንድፍ ቡድኑን የመራው ዊሊስ ሆኪንስ ነበር። የሚገርመው የዚያው ኩባንያ ስመ ጥር ንድፍ አውጪ ኬሊ ጆንሰን ሥራውን አይቶ አልወደደውም። «ይሄ ነገር ኩባንያውን ያጠፋዋል» ብሎ ፈርቶ እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል።

የመጀመሪያው ሲ-130 ኦገስት 23 ቀን 1954 ከካሊፎርኒያ ተነስቶ አንድ ሰዓት ገደማ በረረ። ኩባንያው አልጠፋም። እስከ ዛሬ ከ2,500 በላይ ሲ-130 ተሠርቷል፣ ከ60 በላይ አገሮችም ተጠቅመውበታል። በየትኛውም አህጉር፣ አንታርክቲካን ጨምሮ፣ ታገኙታላችሁ።

▪ ቅርፁ ለምን እንዲህ ሆነ?

መልኩ ቆንጆ አይደለም። ግን እያንዳንዱ የአካሉ ክፍል ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፦ ኤርፖርት የሌለበት ቦታ እንዴት ይደረሳል?

ወለሉን እዩት። ከመሬት ከፍታው 1 ሜትር ገደማ ነው። ይሄ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የጭነት መኪና ወለልም እዚያው ከፍታ አካባቢ ነው። መኪናው ጀርባውን ሰጥቶ ይጠጋል፣ ዕቃው እየተገፋ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል። ክሬን የለም፣ መሰላል የለም። የመንገደኛ አውሮፕላን በር ስንት ሜትር ከፍ እንደሚል አስቡትና አወዳድሩት። መሣሪያ የሌለበት ሜዳ ላይ ይሄ ልዩነት ጭነቱ ይራገፋል ወይስ አይራገፍም የሚለውን ይወስናል።

ክንፉን እዩት። ከላይ፣ ከጣሪያው ጋር ነው የተገጠመው። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ፕሮፔለሮቹ ከመሬት ስለሚርቁ ጠጠርና አቧራ ብዙ አያገኛቸውም። ሁለተኛ፣ ክንፍን ከክንፍ የሚያያይዘው ትልቅ ብረት በጭነቱ ክፍል መሃል አያልፍም። ውስጡ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት አዳራሽ ይሆናል።

ጎማውን እዩት። ዋናዎቹ ጎማዎች በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ሆነው ነው ያሉት። ጎን ለጎን አይደሉም፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ነው። ስለዚህ የፊተኛው ጎማ ለስላሳ አፈር ላይ የጠረገውን መስመር የኋለኛው ይከተለዋል። ጭቃ ውስጥ መንገድ የከፈተውን ሰው እግር እየረገጣችሁ እንደምትሄዱት ማለት ነው። ጎማዎቹ ሲታጠፉ የሚገቡት ደግሞ ከአካሉ ውጪ፣ በሁለቱ ጎኖች ባበጡት ክፍሎች ውስጥ ነው። የጭነቱን ቦታ አይነኩም።

ጅራቱን እዩት። ወደ ላይ የተሰቀለው ከሥሩ በር እንዲኖር ነው። የኋላው በር ወደ ታች ሲከፈት ራሱ መወጣጫ ይሆናል። ላንድሮቨር በራሱ ሞተር እየነዳ ይገባል፣ ይወጣል። በሩ አየር ላይም ይከፈታል። አየር ወለድ የሚዘለው፣ እህል የሚጣለው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ደሞ እንጨምር። ሲ-130 ትንሽ ረዳት ሞተር አለው። ዋናዎቹን ሞተሮች ለማስነሳት የኤርፖርት መሣሪያ ቀርቦ እስኪሰካለት አይጠብቅም። ወርዶ፣ አራግፎ፣ በራሱ ተነስቶ ይሄዳል።

▪ ጄት ነው ወይስ ፕሮፔለር?

ሁለቱም ነው። ከውስጥ ያለው ሞተር የጄት ዘመድ ነው፤ አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ከነዳጅ ጋር ያቃጥላል። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጄት ላይ ዋናው ግፊት የሚገኘው ወደ ኋላ ከሚወረወረው አየር ነው። እዚህ ግን ያ ኃይል በጥርሶች አልፎ ፕሮፔለር ያዞራል። ይሄ ዓይነት ሞተር ቱርቦፕሮፕ ይባላል። ከአገር ውስጥ በረራዎቻችን ላይ የምታዩት ዳሽ 8ም ቱርቦፕሮፕ ነው።

መኪና ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ሞተሩ ይጮሃል፣ ዙሩ ይጨምራል። የሲ-130 ፕሮፔለር ግን በረራ ላይ የሚዞረው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው። በአዲሱ ሞዴል በደቂቃ 1,020 ዙር ነው። ታዲያ አብራሪው ኃይል ሲጨምር ምን ይለወጣል? የፕሮፔለሩ ምላጭ በቦታው ላይ ጠመም ይላል፣ ብዙ አየር ይቆርጣል። ሲያርፍ ደግሞ ምላጩ በተቃራኒው ይጠምና አየሩን ወደ ፊት ይገፋል። አውሮፕላኑ በአጭር ርቀት ይቆማል። ከፈለገም በራሱ ኃይል ወደ ኋላ ይሄዳል። ጠባብ ሜዳ ላይ ለመዞር ገፊ መኪና አያስፈልገውም።

ሌላም ጥቅም አለ። አራቱ ፕሮፔለሮች የሚነፉት አየር በቀጥታ ክንፉ ላይ ያልፋል። አውሮፕላኑ ገና በዝግታ እየሄደ ክንፉ ፈጣን አየር ያገኛል፣ ቶሎም ይነሳል። ትላልቅ ጄቶች ይሄን በቀላሉ አያገኙትም።

ይሄ ሁሉ ምን ድረስ እንደሚሄድ የታየው በ1963 ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አንድ ሲ-130ን ፎረስታል የተባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ አሳረፈው። የጦር ጄቶች እዚያ የሚቆሙት ከኋላቸው በተንጠለጠለ መንጠቆና መርከቡ ላይ በተዘረጋ ገመድ ነው። ሲ-130 መንጠቆ አልነበረውም። በፕሮፔለሩና በፍሬኑ ብቻ 21 ጊዜ አርፎ ቆመ፣ 21 ጊዜም ያለ ምንም እርዳታ ተነሳ። ባሕር ኃይሉ አደገኛነቱን አይቶ የዘወትር ሥራ አላደረገውም። ግን መቻሉ ታይቷል።

▪ «ጄ» የምትለው ፊደል

ሲ-130 አንድ አውሮፕላን አይደለም። ኤ፣ ቢ፣ ኢ፣ ኤች እየተባለ መጥቷል። የዛሬው «ሲ-130ጄ ሱፐር ሄርኩለስ» ይባላል። መጀመሪያ የበረረው በ1996 ነው። ከሩቅ ስታዩት ከድሮው ብዙም አይለይም፤ ውስጡ ግን ሌላ ነው።

የድሮዎቹ ፕሮፔለሮች በብዛት አራት ምላጭ ነው ያላቸው። የጄ ፕሮፔለር ስድስት ምላጭ አለው፣ ጫፉ እንደ ጎራዴ ጎበጥ ያለ ነው። የተሠራውም ከብረት ሳይሆን ከቀላልና ጠንካራ ውህድ ነው። ሞተሩ የሮልስ ሮይስ ሲሆን እያንዳንዱ ከ4,600 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል።

ትልቁ ለውጥ ግን ኮክፒቱ ውስጥ ነው። በድሮው ሲ-130 አምስት ሰው ይሠራ ነበር፤ ሁለት አብራሪ፣ አንድ አቅጣጫ መሪ፣ አንድ የበረራ መሐንዲስ፣ አንድ የጭነት ኃላፊ። በጄ ሦስት ሰው ይበቃል። የአቅጣጫ መሪውንና የመሐንዲሱን ሥራ ኮምፒውተር ወሰደው። ሁለቱም አብራሪዎች ፊት ለፊታቸው ባለ መስታወት ላይ ፍጥነትና ከፍታ ይነበብላቸዋል፤ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሱ ያርፋሉ። በሌሊትና በጉም ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

▪ ምን ያህል ይጭናል?

ረዘም ያለው ሞዴል፣ ሲ-130ጄ-30፣ እስከ 20 ቶን ገደማ ይጭናል። በእኛ ቋንቋ 200 ኩንታል ማለት ነው። ወይም ከሚከተሉት አንዱን፦

▪ 128 ወታደር
▪ 92 አየር ወለድ ከነፓራሹቱ
▪ 97 በቃሬዛ የተኛ ቁስለኛ
▪ 8 ትላልቅ የጭነት ፓሌቶች

አጭሩ ሞዴል 92 ወታደር ወይም 64 አየር ወለድ ወይም 6 ፓሌት ይይዛል። የጭነቱ ክፍል ከፍታ 2.7 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር ከምናምን ነው። ርዝመቱ በአጭሩ 12 ሜትር፣ በረጅሙ 17 ሜትር ገደማ ይደርሳል።

ፍጥነቱ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከመንገደኛ ጄት ያንሳል። ብዙ ጭኖ ሳይሞላ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዱባይ ለመድረስ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እነዚህ ቁጥሮች በሁሉም ቦታ አይሠሩም። አየሩ በሳሳና በሞቀ ቁጥር ክንፉም ሞተሩም ፕሮፔለሩም ይደክማሉ። አዲስ አበባ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ ማንኛውም አውሮፕላን ከጅቡቲ ከሚነሳው ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል፣ ወይ ጭነቱን ይቀንሳል። ደጋ ላይ ያለ አጭር የአፈር ሜዳ ከሆነ ደሞ ስሌቱ የባሰ ጥብቅ ነው።

▪ የሰባ ሰባቱ ድርቅ

ይሄ ሁሉ የንድፍ ወሬ በእኛ አገር የተፈተነው በ1977 ዓ.ም ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ድርቁና ጦርነቱ ተደራርበው የመቶ ሺዎችን ሕይወት ቀጠፉ። የኮረም መጠለያ ምስል በኦክቶበር 1984 በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም ደነገጠ። ከሳምንት በኋላ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ሁለት የእንግሊዝ አየር ኃይል ሲ-130ዎች አዲስ አበባ ገቡ። ዘመቻው «ቡሼል» ተባለ። ቡሼል የእህል መስፈሪያ ስም ነው።

መጀመሪያ የሠሩት እህሉን እንደ መቀሌና አክሱም ያሉ ሜዳዎች ላይ እያረፉ ማራገፍ ነበር። አቧራ ላይ ያርፋሉ፣ በሩ ይከፈታል፣ ኩንታሉ ይወርዳል፣ ይነሳሉ። ከላይ ያነበባችሁት የወለሉ ከፍታ፣ የጎማው አቀማመጥ፣ የክንፉ ቦታ ሁሉ እዚህ ነው ሥራ የገባው።

ግን ሜዳም መኪናም የማይደርስባቸው የተራራ ቀበሌዎች ነበሩ። ለእነሱ እህሉ ከአየር መጣል ነበረበት። ፓራሹት አልተጠቀሙም። አውሮፕላኑ ከመሬት 15 ሜትር ገደማ ድረስ ዝቅ ይላል፤ ከአራትና ከአምስት ፎቅ ሕንፃ አይበልጥም። እህሉ በተደራረበ ጆንያ ተቋጥሯል፤ አንዱ ቢፈነዳ ሌላው ይይዘዋል። የጭነት ሠራተኞቹ ከተከፈተው በር ወደ ውጪ ይገፉታል። የጀርመን አየር ኃይል ትራንሳል የተባሉ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላኖችም አብረው ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ሄደው የሚጣልበትን ቦታ ያዘጋጃሉ። ገደል መሃል፣ በዚያ ከፍታ፣ ከባድ አውሮፕላን ማብረር ቀልድ አይደለም።

ዘመቻው እስከ 1985 መጨረሻ ዘለቀ። የእንግሊዞቹ ሲ-130ዎች በዚያ ጊዜ 32,000 ቶን ገደማ እህልና ዕቃ አጓጓዙ። ከዚህ ውስጥ 14,000 ቶኑ ከአየር የተጣለ ነው። በኩንታል ሲሰላ በድምሩ 320,000 ኩንታል ይመጣል።

እዚህ ላይ ግን ሚዛን ያስፈልጋል። ለተራበው ሕዝብ የደረሰው አብዛኛው እህል የመጣው በመርከብና በመኪና ነው፤ በአሰብና በምፅዋ በኩል። አውሮፕላን ውድ ነው፣ ነዳጅ ይበላል፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘውም 200 ኩንታል አይሞላም። ሲ-130 የመኪናን ሥራ አልተካም። መኪና የቆመበት ጋ ነው የጀመረው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰማይ ላይ ሌላ ተመሳሳይ አውሮፕላን ነበር። የሶቪየቱ አንቶኖቭ-12፣ ባለ አራት ፕሮፔለር፣ ኋላው የሚከፈት። አንቶኖቮቹ እህልም ጭነዋል። ደርግ በሰፈራ ፕሮግራሙ ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ ያዛወራቸው ሰዎችም ተጨናንቀው የተወሰዱት በእነሱ ነው፤ ብዙዎቹ ሳይፈልጉ። ሥራቸው አንድ ዓይነት፣ ሁለቱም ኋላቸው የሚከፈት። የሚለየው የጫነው ሰው ትእዛዝ ነው።

▪ ግንቦት 1983 ዓ.ም

ከስድስት ዓመት በኋላ ሲ-130 እንደገና አዲስ አበባ መጣ። የደርግ መንግሥት ሊወድቅ ቀናት ቀርተውታል። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም እስራኤል «ዘመቻ ሰለሞን» ባለችው ሥራ 14,000 ያህል ቤተ እስራኤላውያንን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ አወጣች። ከ30 በላይ አውሮፕላኖች ተመላልሰዋል። መንገደኛ ጄቶች ነበሩ፣ የእስራኤል አየር ኃይል ሲ-130ዎችም ነበሩ። ወንበሮቻቸው የተነሱ ጃምቦ ጄቶች ከአቅማቸው በላይ ሰው ጫኑ፤ አንዱ ከ1,000 ሰው በላይ ይዞ በረረ። ወንበር ሳይኖረው ወለል ላይ ሰው ማስቀመጥ ለሲ-130 አዲስ አይደለም። ከአራት ቀን በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

አገር ውስጥ ያለው ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤል-100 የተባለውን የሲ-130 የሲቪል ዓይነት ለጭነት አብርሯል። በ2018 ደግሞ አሜሪካ አንድ ሲ-130 ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ቢሾፍቱ ላይ አስረክባለች።

▪ በዚያው በር ምን ምን ወጣ?

ጁላይ 1976። አራት የእስራኤል ሲ-130ዎች 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በረው በሌሊት ኡጋንዳ ኢንቴቤ አረፉ። ከመጀመሪያው አውሮፕላን በር የወጣው ጥቁር መርሴዲስ ነበር፤ ጠባቂዎቹ የኢዲ አሚን መኪና እንዲመስላቸው። 102 ታጋቾች ነፃ ወጡ። በዘመቻው ታጋቾችም፣ አንድ የእስራኤል አዛዥም፣ በርካታ የኡጋንዳ ወታደሮችም ሞተዋል።

ኤፕሪል 29 ቀን 1975። ሳይጎን ልትወድቅ ስትል አንድ የደቡብ ቬትናም ሲ-130 452 ሰው ጭኖ ታይላንድ ገባ። አውሮፕላኑ የተሠራው ለመቶ ምናምን ሰው ነው።

ኤፕሪል 2017። ከአንድ ሲ-130 የኋላ በር አሜሪካ ወደ 9,800 ኪሎ የሚመዝን ቦምብ አፍጋኒስታን ላይ ጣለች። ከኒውክሌር ውጪ ካሏት ከባዶቹ አንዱ ነው። የወጣበት በር ከ1977 ዓ.ም እህል ጋር አንድ ነው፤ የኋላው በር።

ሌሎችም ዓይነቶች አሉ። ኤሲ-130 በግራ ጎኑ መድፍ ተገጥሞለት ዒላማውን እየዞረ ይተኩሳል። ኬሲ-130 ለሌሎች አውሮፕላኖች በአየር ላይ ነዳጅ ያድላል። ደብልዩሲ-130 አውሎ ነፋስ መሃል ገብቶ የአየሩን ግፊትና የንፋሱን ፍጥነት ይለካል፤ ሕዝብ ቀድሞ እንዲሸሽ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ከዚህ መረጃ ይጠቀማል። ሰደድ እሳት ሲነሳ ደሞ ታንከር ተገጥሞለት ከ11,000 ሊትር በላይ ማጥፊያ በሰከንዶች ውስጥ ያፈሳል። የበረዶ መንሸራተቻ የተገጠመለትም አለ፤ አንታርክቲካና ግሪንላንድ ላይ ያርፋል።

▪ የማይችለው

የዛሬ ዋና ታንክ አይጭንም። ቲ-72 ከ40 ቶን በላይ ይመዝናል፤ የአሜሪካው አብራምስ ከ60 ቶን ያልፋል። ሲ-130 20 ቶን ላይ ይቆማል። ለታንክ ሌላ አውሮፕላን ያስፈልጋል። ሲ-17 እስከ 77 ቶን ይጭናል፣ አንድ አብራምስ ይዞ ይነሳል።

ከጥቃት ማምለጥም ይቸግረዋል። ዝግ ያለ፣ ትልቅ፣ ራዳር ላይ ጎልቶ የሚታይ ነው። ሚሳኤል የሚያዘናጉ የእሳት ብልጭታዎች ይለቃል፤ ግን ጠንካራ አየር መከላከያ ባለበት ሰማይ ገብቶ ይወጣል ማለት አይደለም።

ተፎካካሪም መጥቶበታል። የአውሮፓው ኤ400ኤም እስከ 37 ቶን ይጭናል። የብራዚሉ ሲ-390 በሁለት ጄት ሞተር ይሄዳል፤ 26 ቶን ይጭናል፣ ፍጥነቱም ይበልጣል። እንደ ፖርቹጋል፣ ሃንጋሪና ኔዘርላንድስ ያሉ አገሮች ሲ-390ን መርጠዋል።

▪ ፎቶ ስታዩ ምን ታደርጋላችሁ?

አሁን ወደ ስልካችን እንመለስ። «ይሄን አየን» የሚል ፖስት ሲያጋጥማችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት እነዚህን ተመልከቱ።

1. ሞተሩ። ፕሮፔለር ከሌለውና አራት ጄት ካለው ሲ-130 አይደለም። ምናልባት ኢል-76 ወይም ሲ-17 ነው።

2. አፍንጫው። ከሥር በኩል መስታወት ካለው የሶቪየት ሥሪት ነው፤ አንቶኖቭ-12 ወይም ኢል-76። የሲ-130 አፍንጫ ጥቁር ወይም ግራጫ ድፍን ነው።

3. ጅራቱ። የሲ-130 አግዳሚ ክንፍ ከጅራቱ ሥር ነው። ኢል-76፣ ሲ-17 እና ኤ400ኤም ላይ ግን ከጫፉ ላይ ተቀምጧል።

4. ምላጩን ቁጠሩ። ስድስትና ጎበጥ ያለ ከሆነ ሲ-130ጄ ነው። አራት ከሆነ በብዛት የድሮው ነው። ስምንት ሆኖ አግዳሚው ከጅራቱ ጫፍ ላይ ካለ ኤ400ኤም ነው።

5. ጅራቱና ጎኑ ላይ ያለው ባንዲራና ቁጥር። የማን አገር እንደሆነ በብዛት እዚያ ተጽፏል። ፎቶው ሆን ተብሎ እዚያ ላይ ከተቆረጠ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

6. ሒሳቡን ሥሩ። «በአንድ ሲ-130 ሦስት ታንክ ገባ» የሚል ካያችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ። አንድም አይገባም።

7. የበረራ መከታተያ አፕ ምን ይነግራችኋል? አውሮፕላኑ ከየት ወዴት እንደሄደ ብቻ፤ እሱም ምልክት መስጫው ካልጠፋ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አይነግራችሁም። «ከዚህ አገር መጣ፣ ስለዚህ መሣሪያ ነው» የሚለው ግምት እንጂ መረጃ አይደለም።

8. ጀርባውን እዩ። ተራራው፣ ሕንፃው፣ የሰው ልብስ፣ የአየሩ ሁኔታ ከተባለው ቦታና ቀን ጋር ይገጥማል? ፎቶውን በጎግል ምስል ፍለጋ አስገቡት። የአምስት ዓመት ፎቶ እንደ ዛሬ ጠዋት ሲዞር ብዙ ጊዜ የሚያዘው በዚህ ነው።

እነዚህን ስምንቱን ለማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በግጭት ጊዜ ግን አንድ የተሳሳተ ፖስት ሰው ያስቆጣል፣ ሰው ያፈናቅላል፣ የእርዳታ ሠራተኛን ዒላማ ያደርጋል። እውነተኛ የመሣሪያ ጭነትም በውሸት ጩኸት መሃል ተሸፍኖ ያልፋል።

ሲ-130 የተሠራው ማንም የማይደርስበት ቦታ እንዲደርስ ነው፣ ያንንም ላለፉት 70 ዓመታት ሠርቷል። አውሮፕላኑን በፎቶ መለየት አሁን ትችላላችሁ። የቀረው የጋዜጠኛም የአንባቢም ሥራ ነው፦ ማን ላከው? ምን ጫነ? የት አራገፈ? ማንስ ተቀበለው? ፖስቱ ለእነዚህ አራቱ መልስ ከሌለው ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቆይ በሉ። ይሄን ጽሑፍ ግን ግሩፓችሁ ላይ ብትልኩት አይከፋንም።